ከሊቀመንበሩ ቤት ጀርባ ተራ የያዙት ፍየሎች

ለክቡር አቶ ሻዕባን
የቤልኩሩ መንደር የመብራት ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፣ ቤትዎን ይጠብቅልዎ፣ ከጉንፋንዎም ይማርዎ እላለሁ። ስለ ጉንፋንዎ በመጀመሪያው መስመር ላይ መጠየቄን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ከኩርሙክ ወዲህ ባለው በዚህ ቆላ፣ ዶሮ እንኳ ክንፏን ዘርግታ አፏን ከፍታ በምትውልበት የመጋቢት ሙቀት፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ እየሳለና እያስነጠሰው ሲሄድ የታየው ሰው እርስዎ ብቻ ስለነበሩ መላው መንደር ተጨንቆልዎ ነበር። እኔማ ለብቻዬ ዱዓ አድርጌልዎታለሁ። ጉንፋኑ ከየት እንደመጣ ካወቅሁ ወዲህ ግን ዱዓዬን ለሌላ ጉዳይ እየተጠቀምሁበት ነው።

እኔ ዓፊያ ነኝ። ስሜን እንደማይረሱት አውቃለሁ፤ ከማንጎው ሥር በሕዝብ ፊት ደጋግመው ጠርተውታልና። ቢሆንም ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና መንገደኛም ቆሞ ስለሚያነበው ራሴን ላስተዋውቅ፦ አሥረኛ ክፍልን አሶሳ የጨረስሁ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ በአንዲት ፍሪዘር ልጆቼን የማሳድግ፣ በረዶና ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥ አቀዝቅዤ የምሸጥ የዚሁ መንደር ሴት ነኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ስለሆነ፣ ለክቡርነትዎ የተጻፈ ነገር ስህተት እንዳይገኝበት ብዬ ደብዳቤውን ለመምህር ደባልቄ አሳይቻቸዋለሁ። መምህር ደባልቄ ከጎጃም ተመድበው የመጡ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ፊደሉን አረሙልኝ፣ አንዳንድ ቦታ ላይም ይህች ቃል ለስለስ ብትል ምን ይመስልሻል አሉኝ። አመስግኜ ቃሏን እንዳለች ትቻታለሁ። ስለዚህ ፊደሉ የእርሳቸው ነው፣ ምሬቱ የእኔ ነው፤ ክስ ካለዎት መምህሩን እንዳይነኩብኝ።

አሁን ለማያውቅ አንባቢ መንደራችን እንዴት እንደምትበራ ልናገር። ትልቁ ግድብ ያለው በእኛው ክልል በማንኩሽ በኩል ነው፣ እንኮራበታለንም፤ ነገር ግን ሽቦው እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብን፣ መብራት የምናገኘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከተተከለው ሶላር ነው። ፀሐይ ቀን ባትሪውን ትሞላለች፣ እኛም ማታ እናበራለን። አምፖልና ስልክ ለዚህ ሶላር ምንም አይደሉም። ካውያ፣ የሻይ ውኃ ማፍያ፣ የልብስ ማጠቢያና የመሳሰሉት ግን በእኛ አፍ «ከባድ ዕቃ» ይባላሉ፤ ከእነዚህ በርከት ያሉት ባንድ ጊዜ ከተሰኩ ባልቦላው ይወርድና መንደሩ በሙሉ ይጨልማል።

ለዚህ መላ ያመጣው፣ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ኮሚቴዎ ሳይሆን የቦኖ ውኃው ሰልፍ ነው። ቦኖው ዘንድ ሰው ወደ ጉዳዩ ቢሄድ ጄሪካኑ ተራውን ይጠብቅለታል፤ የሰው ጄሪካን ከሰልፍ የሚያወጣ እጅ በመንደራችን ታይቶ አይታወቅም ነበር። እኛ ሴቶች ይህንኑ ልማድ ወስደን አንዲት ቢጫ ጄሪካን ለመብራት መደብን። ጄሪካኗ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለችበት ቤት ከባድ ዕቃውን ይሰካል፤ ሲጨርስ አውርዶ ለጎረቤቱ በእጁ ያሻግራታል። የእኔ ፍሪዘር በተራ የምትሠራ ዕቃ ስላልሆነች፣ መንደሩ ተሰብስቦ ፀሐይ ሳለች ብቻ እንድትሠራ ፈቀደልኝ፤ እኔም ፀሐይ ስትበርድ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ እነቅላታለሁ፣ በረዶው በራሱ ቅዝቃዜ ያድራል። በዚህ ሥርዓት ስንኖር መብራት ያለ ምክንያት ጠፍቶብን አያውቅም። እርስዎም ሥርዓቱን ስለወደዱት ኮሚቴው ፈጠረው ብለው ወደ አሶሳ ሪፖርት ላኩ፤ እኛም ደስ ይበላቸው ብለን ዝም አልን።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ብዙ ስለሆነ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ. ስለ ጨለማው አመሰግናለሁ። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው መብራታችን ከቀትር በኋላ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጾሙ ከገባ በኋላ ደግሞ ልክ የማፍጠሪያው የመግሪብ አዛን ሊባል ሲል፣ ሰው ቴምሩን በእጁ ይዞ ጆሮውን ወደ መስጊዱ ሲያቀና ድርግም ይል ያዘ። ድምፅ ማጉያው ስለሚሞት ሙአዚኑ በባዶ ጉሮሮው ይጮኻል፣ ከጅረቱ ማዶ ያሉት ቤቶች ግን አይሰሙትም፤ ስለዚህ ከእኛ ዘንድ የእቃ ድምፅ እስኪሰማ እየጠበቁ በተጠሙበት ላይ ይጠማሉ። በዚያው ሰሞን የእኔም ፍሪዘር በጠራራ ፀሐይ ኃይል እያነሳት ታቃስት ጀመር። አንድ ቀን የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ነገር ሸተተኝና ሮጬ ብነቅላት ሞተሯ አልቆላት ነበር። የሶላሩን ክፍል የሚጠብቀው ባለሙያ ሀይደር መጥቶ አያት፤ አንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ የሚስብ ነገር ስላለ ኃይሉ ወርዶ ሞተሩ እየታገለ ተቃጠለ አለኝ። የሚስበው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ጫማውን ሲያይ ቆይቶ ሄደ። ለረመዳን ብዬ ያጠራቀምሁት በረዶ ሁሉ በደጄ ፈሰሰ፤ የሰፈር ልጆች እግራቸውን እየነከሩበት ሲስቁ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

2ኛ. ስለ ዝናዬ አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት የሚያውቁኝ በረዶ የሚገዙኝ ብቻ ነበሩ። እርስዎ ግን በረመዳኑ አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሕዝቡን ከማንጎው ሥር ሰበሰቡና፣ ከወንበርዎ ተነሥተው፣ የጨለማው ምክንያት ተገኝቷል፤ አንዲት ሴት የሁላችሁን ብርሃን ወስዳ በረዶ አድርጋ መልሳ ለእናንተው ትሸጣለች ብለው ስሜን ጠሩ። እንዳይሳሳቱ ብለው ነው መሰለኝ ደገሙት፣ ከዚያም ሠለሱት። ተራ የሁሉም መብት ነው፣ ማንም ቤት ከማንም ቤት አይበልጥም የሚለውን ያን የመሰለ ንግግርም ያኔውኑ አከሉበት፤ እባክዎ ይህን አባባልዎን ይያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን። እኔ ተነሥቼ ፍሪዘሬ ከተቃጠለች ሰንብታለች፣ የሞተ ዕቃ መብራት አይበላም ብዬ ስናገር፣ እርስዎ እጅዎን ወደ እኔ ዘርግተው እንዲህ አሉ፦

«መቃጠሏ ከመስረቅ ብዛት ነው።»

ሰው ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ስለ ሌላ ሰው ቢባል ኖሮ እኔም ሳልስቅ አልቀርም ነበር፤ አነጋገር ያውቃሉ። በዚያው ቀን የቤቴን ገመድ ከምሰሶው አስቆረጡት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል እሰማ ነበር፤ እርስዎ ግን አህያውን በጓሮዎ አስረው ሣር እያበሉ ዳውላውን በአደባባይ ገረፉት። የሞተች ፍሪዘር ላይ ፍርድ ከተሰጠ በኋላም መብራቱ በየማታው መጥፋቱን ስላልተወ አንድ ሽማግሌ ምነው ሲሉዎ፣ ባትሪው ገና ከዓፊያ ጉዳት አላገገመም ብለው መለሱላቸው። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ መልስ መሆኑን ያኔ ገባኝ።

3ኛ. ይህኛው ቀልድ የለበትም፣ ስለዚህ አጥብቀው ያንብቡት። ከዚያ ዓርብ ማግስት ጄሪካኔን ቦኖው ዘንድ ሰልፍ አስይዤ ትንሿን ልጄን ለማየት ወደ ቤት ደርሼ ተመለስሁ። ጄሪካኔ ሰልፉ ውስጥ የለችም። ፈልጌ ፈልጌ ከግራሩ ሥር፣ አፏ ወደ መሬት ተደፍታ አገኘኋት።  ጎረቤቴ ዐዋጢፍ፣ በወለደች ቁጥር ገንፎ ያገነፋሁላት፣ ሲከፋት ደጄ መጥታ የምታለቅስ ሴት፣ ፊቷን ወደ ኮረብታው አዙራ ቆማ ነበር። ጄሪካኔን አንሥቼ ከሰልፉ መጨረሻ አቆምኋትና ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ጠበቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆች ከኋላዬ «ሐራሚያ» ይሉኝ ጀመር፤ ሌባዋ ማለት ነው። የእኔ ልጆችም ይህን እየሰሙ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እርስዎ ግን ስሜን ሕያው ሳለሁ ቀበሩት። ምናልባት ረስተውት ይሆናል፣ ብዙ ሥራ አለብዎ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ፍሪዘሬን ይቅር እል ነበር። ገመዴንም ይቅር እል ነበር። ያቺ የተደፋች ጄሪካን ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች፣ ይቅርም አላልሁም፣ ይህ ደብዳቤም የሚጻፈው በእሷ ምክንያት ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ በእኛ መንደር ያጠራችው ጆሮዋ የተሰነጠቀው ጥቁር ፍየሌ ናት። በዚህ ወር ኩሬው ደርቋል፣ ጅረቱ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ከቦኖው የሚገኘው ውኃ ለሰውም አይበቃም። የእኔዋ ፍየል ግን በየቀኑ ከቀትር በኋላ ትጠፋና ጺሟን አርሳ፣ ሆዷ ሞልቶ፣ እንደ ባለሥልጣን እየተንጎራደደች ትመለሳለች። የዐዋጢፍም ፍየሎች እንዲሁ። ዐዋጢፍ ከእኔ ጋር መነጋገር ትታ ስለነበር ሁለታችንም በየፊናችን ፍየሎቻችንን ተከትለን ሄድንና፣ ክቡርነትዎ፣ ከቤትዎ ጀርባ ተገናኘን።

ያየነውን ለሕዝብ ልግለጽ። ከጓሮ ግድግዳዎ ጋር ተያይዞ በቀርከሃ ዙሪያውን የታጠረ፣ በር የሌለው፣ ጎተራ የሚመስል ነገር ቆሟል። ጎተራው ያጓራል። በቀርከሃው ስንጥቅ የጋለ ነፋስ ይወጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ አሮጌ ጣሳ ይሞላል። አገሩ ሁሉ በደረቀበት ወር ከዚያ ጣሳ ዙሪያ ሣር ለምልሟል። የመንደሩ ፍየሎች ደግሞ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተራ ይዘው ቆመዋል፤ አንዱ ሲጠጣ ሌላው ይጠብቃል፤ ኮሚቴዎ እንደዚያ ያለ ሥርዓት ቢኖረው ኖሮ ዛሬ ደብዳቤ ባላስፈለገን ነበር። በስንጥቁ አጮልቀን ብናይ ኤሲ ነው፤ ያ በከተማ ትልልቅ ሆቴሎች ግድግዳ ላይ የሚታየው የቤት ማቀዝቀዣ፣ ከባድ ዕቃ ከምንለው ሁሉ የከበደው ዕቃ።

ያኔ ነው ብዙ ነገር የተገለጠልኝ። ጉንፋንዎ ተገለጠልኝ። ባለቤትዎ ሂባ በዚህ ንዳድ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥሩ ላይ ስታናፍስ ዐይተን፣ ምስኪን፣ ወባ ይዟት ይሆናል ብለን ያዘንንላት ነገርም ተገለጠልኝ። ለካ እኛ ደጅ ላይ ላባችንን እየጠረግን በዳበሳ የምናፈጥረው እርስዎ ከቀትር በኋላ በመንደሩ ባትሪ የደጋ አየር አስገብተው ተከናንበው ስለሚተኙ ነበር። ዐዋጢፍ ከጣሳው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ሳታየኝም ተናገረች።

«ዓፊያ፣ ያን ቀን ጄሪካንሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

 እጇን ይዤ አስነሣኋትና አብረን ወደ ሀይደር ሄድን። ሀይደርም ከዚህ በኋላ ቢደብቅ የሚጠቅመው ነገር እንደሌለ ስላየ፣ የእርስዎ ቤት ገመድ እንደማንኛችንም በቆጣሪ እንደማያልፍ፣ ከምሰሶው ቀጥታ እንደተሳበ፣ ቢናገር ሥራው ላይ እንደማይቆይ እርስዎ እንደነገሩት ሁሉንም አወጣው። ሲጨርስ አለቀሰ። እርስዎ ስላስለቀሷቸው ሰዎች የተሟላ መረጃ እንዲኖርዎ ብዬ ነው የጠቀስሁት።

4ኛ. ይህን ቁጥር ባዶ ትቼዋለሁ። ምላሽዎን የሚጽፉበት ነው።

5ኛ. ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ፣ ምንም እንኳ ባልጠራም። ረመዳን ሊወጣ ሲቃረብ ከአሶሳ እንግዶች መጥተው፣ መብራትን በተራ በመጠቀም አርአያ ለሆነው መንደር፣ ማለትም ለእርስዎ፣ የምስክር ወረቀት ሊሰጡ መሆኑን ሰማን። በእኛ ዘንድ የረመዳን ማዕድ ደጅ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ቤት ያለውን ይዞ መንገድ ዳር ሰሌን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ መንገደኛ ሳያፈጥር እንዳያልፍ። እርስዎ ግን ለእንግዶችዎ የሚገባው ቤት ውስጥ ነው ብለው ሳሎንዎን አዘጋጁ፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣም መስኮቱን ሁሉ በላስቲክ አስጠርቅመው ዘጉት። እኛ መንደርተኞች እንግዳ ስንቀበል ባዶ እጃችንን ስለማንመጣ ምን እናድርግ ብለን መከርን። ዐዋጢፍ ናት ነገሩን ያመጣችው፤ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ተራ የሁሉም መብት ነው ብለውን የለም ወይ አለች።

በዕለቱ ከዐስር ሰላት በኋላ በቤልኩሩ መንደር አጥር ላይ ሁሉ ቢጫ ጄሪካን ተንጠለጠለ። እንግዶቹ ከመኪናቸው ሲወርዱ ጌጥ መስሏቸው አድንቀዋል አሉ። ሳሎንዎ ገብተው፣ የደጋው አየር ተለቅቆላቸው፣ ሶፋው ላይ ደልደል ካሉ በኋላ ካውያ ያለው ካውያውን፣ የሻይ ማፍያ ያለው ማፍያውን፣ ልብስ ማጠቢያ ያለው ማጠቢያውን ባንድ ጊዜ ሰካ። ምንም ያልነበረውም ከዘመድ ተውሶ ሰካ። ባልቦላው ወረደ፣ ሀይደርም ቁልፉን ስለረሳው ወደ ክፍሉ ለመግባት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እኔ በበኩሌ ምንም አልሰካሁም፤ ገመዴን አስቆርጠውታልና። ስለዚህ በዚያ ቀን በጠፋው መብራት ልጠረጠር የማልችል ብቸኛዋ የመንደሩ ሴት በመሆኔ፣ ለዚህ ጥበቃዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

የተዘጋ ቤት በዚህ አገር ምን እንደሚሆን ያውቁታል። እንግዶቹ ጥቂት ታግሠው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ በመጨረሻ እየተንጠባጠቡ ወደ ደጅ ወጡ። መንገዱ ላይ ሰሌናችን ተዘርግቶ ነበር፣ ተቀመጡ አልናቸው፣ ተቀመጡ። አዛን ሲባል ከዚር ቀድቼ ከርከዴ ሰጠኋቸው። ዚር ምን እንደሆነ ለማያውቅ፣ እያላበ ውኃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ሶኬት የለውም፣ ከማንም አይሰርቅም። ትልቁ እንግዳ ጠጥተው ደግመው ጠየቁኝ፣ ማን ልበል እመቤት ሲሉኝም የፍሪዘሯ ሌባ ዓፊያ ነኝ አልኋቸው። ግራ ገብቷቸው ወደ እርስዎ ዞሩ፤ እርስዎም ያኔ ሳል ያዘዎ።

ይህን ያህሉን እኛ ያሰብነው ነው። የቀረውን ያሰቡት ፍየሎቹ ናቸው። ማሽኑ ስለቆመ ጠብታው ቆሟል፤ ፍየሎቹ ያችን ጣሳ ለምደዋታል፣ ባዶዋን ሲያገኟት አገር ይያዝልን ብለው ጮኹ። ቀጥሎ መግፋት ጀመሩ፤ ቀርከሃው ሲንጓጓና ሲወድቅ ሁላችንም ከማዕዱ ተነሥተን ሄድን፣ እንግዶቹም ተከተሉን። ጎተራዎ ተደርምሶ፣ ማሽኑ ራቁቱን ወጥቶ፣ ጥቁሯ ፍየሌ ቱቦውን ትልስ ነበር። ትልቁ እንግዳ ምንድን ነው ይህ ብለው ሲጠይቁዎ የማሽላ ጎተራ ነው አሉ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። የገመዱን መንገድ ሀይደርን ጠየቁት፤ ሀይደርም ለእኛ እንደነገረን ነገራቸው። የምስክር ወረቀቱ ተጠቅልሎ እንደመጣ ተጠቅልሎ ወደ አሶሳ ተመለሰ፣ ማሽንዎም በማግስቱ ከምሰሶው ተለየ።

አሁን መብራት ተመልሷል። አዛኑ ከጅረቱ ማዶ ይሰማል። ዒዱንም በሰላም አከበርን። ያልተመለሰው የእኔ ስም ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ልከውብኛል፤ ዓፊያ ዝም ካለች የፍሪዘሯን ሞተር አስለውጥላታለሁ፣ ገመዷንም አስቀጥልላታለሁ፣ ነገሩ በጓዳ ይለቅ ብለዋል። ሽማግሌዎቹን አክብሬ አብልቼ ሸኝቻቸዋለሁ። መልሴ ግን ይህ ነው፦ በአደባባይ የተሰደበ በጓዳ አይታረቅም። የሰደቡኝ ከማንጎው ሥር ነው፣ የሚያነሡልኝም ከማንጎው ሥር ነው። በሚመጣው ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ከዚያው ወንበር ተነሥተው፣ በዚያው ድምፅ፣ ስሜን እንደዚያን ቀን ደጋግመው ጠርተው፣ የሰረቅሁት እኔ ነኝ ይበሉ። ሞተሩን እኔው አስጠግነዋለሁ። ሊቀመንበርነትዎንም አልፈልገውም፤ ሰው የሚፈልገው ነገር ስላልሆነ እስካሁን እጅዎ ላይ ነው።

እስከዚያው ድረስ ከመብራቱ ተራ ማንም አላወጣዎም። እኛ የሰው ተራ አንነካም፣ የሰው ጄሪካንም አንደፋም። ይሁን እንጂ ቢጫዋ ጄሪካን የምትሄደው ከጎረቤት እጅ ወደ ጎረቤት እጅ መሆኑን ያውቃሉ፤ ከግራዎም ከቀኝዎም ያለው ጎረቤት እጁን እያመመው ወደ እርስዎ አጥር ማሻገር አልቻለም። ካውያዎ ቀዝቅዞ ልብስዎ እንደተጨማደደ ሲወጡ አይቻለሁ፣ አዝኛለሁም ማለት ጨዋነት ነበር።

በሉ እንግዲህ፣ በሥልጣንዎ ጥላ ሥር ቀዝቅዘው የኖሩበትን ዘመን እያስታወስሁ፣ ፀሐይዋ እኩል በምታቃጥለን በዚህ ምድር መልካሙን ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ መልካም ጉሮሮ እመኝልዎታለሁ።

ታዛዥዎ ያልሆነችው፣ ጎረቤትዎ የሆነችው
ዓፊያ፣ የበረዶዋ

ግልባጭ፦
ለማንጎው ግንድ፣ እንዲለጠፍበት
ለቦኖ ውኃው ሰልፍ፣ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ
ለሀይደር፣ ለሶላሩ ክፍል በር (ቁልፉ ስለተገኘ ደስ ብሎናል)
ከአሶሳ ለመጡት እንግዶች፣ ከከርከዴ ሰላምታ ጋር
ለፍየሎቹ፣ ማንበብ ባይችሉም ምስክሮች ስለሆኑ

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስወጣ ባለቤትዎ ሂባ ደጄ መጣች። ያን ወፍራም ብርድ ልብስ አጥባና አጣጥፋ በራሷ ተሸክማ ነበር፤ ፍሪዘርሽ ስትጠገን በረዶሽን ጠቅልይበት፣ እኔ በዚያ ቤት ሁለተኛ አልለብሰውም ብላ ሰሌኔ ላይ አስቀመጠችው። ምንም አልጠየቅኋትም፣ ራሷ ነገረችኝ። እኔን በሕዝብ ፊት ሌባ ባሉበት በዚያ ዓርብ ከማንጎው ሥር ወደ ቤት ገብተው፣ ማሽኑን ከፍተው፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጭዎ ስበው፣ «ከእንግዲህ ወደዚህ የሚያይ የለም» ብለው ተኝተዋል። እሷ እስከ መግሪብ ከአጠገብዎ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ ውላለች። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ዓርብ ዕለት ጉንፋኑ ድምፅዎን ከዘጋው አይጨነቁ፤ ሂባ ጉንፋን የለባትም፣ ከማንጎው ሥርም ከእኔ አጠገብ ቦታ ይዛለች።